መረቡን የጣለው ማን ነው?

ወደብ ለመግባት ተራ እየጠበቅን ነበር። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ሞተር አጥፍተን እንንሳፈፋለን። ባሕሩ ረግቷል። ካፒቴናችን እንዲህ ያለ ቀን ሲያገኝ የነፍስ አድን ጀልባ ልምምድ ያዛል። እኔ የሞተር ክፍል ሰው ስለሆንኩ ጀልባዋ ስትወርድ ሞተሯን የምይዘው እኔ ነኝ። ከእኔ ጋር የመርከቧ ወለል (ደክ) ሠራተኞች አለቃ የሆኑት ቦሰንና አንድ ወጣት መርከበኛ ወረዱ።

ራቅ ብሎ አረንጓዴ ነገር ይታያል። ከመርከቧ ላይ ሆነን ስናየው የባሕር ሣር መስሎን ነበር። ቀረብ ስንል መረብ ነው። ተጠቅልሎና ተወሳስቦ አልጌ ለብሷል። ከሥሩ ትናንሽ ዓሦች ይርመሰመሳሉ። ከዳሩ ደግሞ አንዲት የባሕር ኤሊ ነበረች። እንደምንም ጭንቅላቷን ብቅ አድርጋ ትተነፍሳለች፤ መረቡ መልሶ ይጎትታታል። ክሩ በግራ የፊት እግሯ ላይ ዞሮ ዞሮ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል። ከክሩ ወዲያ ያለው የእግሯ ክፍል ጠቁሯል።

ቦሰኑ ምንም አልተናገሩም። ቢላቸውን አወጡ፤ ኤሊዋን ወደ ጀልባዋ አስጠጓትና ክሩን አንድ በአንድ ይቆርጡ ጀመር። እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ይቆርጣሉ። ኤሊዋ አልታገለችም። ከሁሉም በላይ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይሄ ነው። የዱር እንስሳ ሲይዙት ይንፈራገጣል። እሷ ግን የምትንፈራገጥበት ጉልበት አልቆ ነበር። የመጨረሻው ክር ሲለቃት ለአፍታ ውኃው ላይ ቆየች፤ ከዚያ በቀሩት እግሮቿ እየቀዘፈች ወረደች።

በዚያች ሰዓት ያልተናገርኩት የለም። ይህን መረብ ባሕር ውስጥ ጥሎ የሄደውን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ረገምኩት። ወጣቱም አገዘኝ። ቦሰኑ ዝም ብለው አዳመጡን። ስንጨርስ የመረቡን ዳር ጎተቱና ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት።

«እስቲ እየው» አሉኝ።

ቡሹ ሁሉ በቦታው ነው

ቦሰኑ የዕቃ መርከብ ላይ ከመቀጠራቸው በፊት ከአባታቸው ጋር ዓሣ ያጠምዱ ነበር። መረብ ሲያዩ እኔ የማላየውን ያያሉ።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ቡሾቹን ነው። መረቡ ውኃ ውስጥ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከላይኛው ገመድ ላይ ተንሳፋፊ ቡሽ፣ ከታችኛው ላይ ደግሞ እርሳስ ይታሰራል። ቡሾቹ በእኩል ርቀት ተደርድረዋል፤ አንድም የተፈታ የለም።

«አርጅቶበት የሚጥል ሰው ቡሹን ይፈታል። እርሳሱንም፣ ገመዱንም ያወጣል። ለሚቀጥለው መረብ ይሆነዋላ። ይሄ ሙሉ ነው። ክሩም አላረጀም።»

ቀጥለው የገመዱን ጫፍ በጣቶቻቸው መሃል አዞሩት። «በቢላ የተቆረጠ ገመድ ጫፉ እኩል ይሆናል። ይሄ ተቦጭቋል። ይሄ የፕሮፔለር ሥራ ነው።»

ከዚያ የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ልጄ፣ ይህን መረብ የጣለው ሰው የለም። ሰውዬው ማታ ዘርግቶት ነው የሄደው። ሊሰበስብ ሲመጣ ግማሹ የለም። ምናልባት ብድሩን እንኳ ከፍሎ አልጨረሰም።» ቀና አሉና በአገጫቸው መርከባችንን ጠቆሙኝ። «እንደሷ ያለች አንዷ በላዩ አልፋለች።»

መልስ አልነበረኝም። ጀልባዋን ወደ መርከቧ አዙሬ ስመለስ ከፊቴ የሚታየኝ የመርከቧ ኋላ ነበር። ጭነታችን ቀላል ስለነበር መርከቧን የሚገፋው ፕሮፔለር አንድ ክንፉ ጫፉ ከውኃው በላይ ወጥቶ ይታያል። በየቀኑ የምንከባከበው፣ ዘይቱን የምለካለት፣ ሙቀቱን የምመዘግብለት ዘንግ መጨረሻው እሱ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ቢላ አይቼው አላውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር ይሄ ነው። ትልቅ መርከብ መረብ ሲቆርጥ ሞተር ክፍል ውስጥ ላለ ሰው ምንም አይሰማውም። የሞተሩ ድምፅ አይለወጥም፤ መቆጣጠሪያው ላይ አንድም ቁጥር አይነቃነቅም። ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚያመለክተው በትንሽ ባንዲራ ወይም በአንዲት ደካማ መብራት ነው። ማዕበል ባለበት ሌሊት ይህ መርከቧ ከምትመራበት ክፍል ሆኖ አይታይም፣ ራዳርም ብዙ ጊዜ አይለየውም። መርከቧ ታልፋለች። ማንም ምንም አላጠፋም፤ ማንም ምንም አላወቀም።

ዱካው የሚገኘው ቆይቶ ነው። መርከቧ ድራይ ዶክ ስትገባ፣ ማለትም ከውኃ ወጥታ ስትጠገን፣ በፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ማግኘት የተለመደ ነው። ቀጭኑ ክር እየተጠመጠመ ወደ ውስጥ ይገባና ዘይቱ እንዳይወጣ ዘንጉን የሚዘጋውን «ሲል» የተባለ ክፍል ይበላዋል፤ ዘይት ወደ ባሕር መፍሰስ ይጀምራል። በእኛ ሙያ ነገሩ የጥገና ጉዳይ ነው። ሲሉ ተጎድቷል፣ ይቀየር። የክሩ ባለቤት ማን ነበር? ሌላኛው ግማሽስ የት ደረሰ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም።

የማይበሰብስ ክር

መረብ ድሮም ይጠፋ ነበር። ልዩነቱ ክሩ ላይ ነው። በጥጥ፣ በሄምፕና በተልባ ክር የተሠራ መረብ ባለቤቱ ቤት እንኳ ሳለ ይበሰብስ ነበር። ማድረቅ፣ ማቅለም፣ መጠገን የዓሣ አጥማጁ የዘወትር ሥራ ነበር። ባሕር ውስጥ ከቀረ ደግሞ ባሕሩ ራሱ ይጨርሰዋል። ናይለን እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካው ዱፖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ተፈለሰፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ መረብ ሥራ ገባ። ቀላል ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውኃ ውስጥ አይታይም፣ አይበሰብስም። ለዓሣ አጥማጁ እያንዳንዱ ነገሩ በረከት ነው። ባለቤቱ ሲያጣው ግን እነዚያው ባሕርያቱ ናቸው የሚገድሉት።

ቀጥ ብሎ የሚቆመው መረብ የሚሠራው ዓሣው ሳያየው ጭንቅላቱን ሲያስገባ ነው። ወደኋላ ልመለስ ሲል ክሩ ስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። መረቡ ባለቤቱ መምጣቱን አቁሟል ብሎ ሥራውን አያቆምም። የሞተው ዓሣ ሌላውን ይጠራል፤ ሊበላው የመጣው ክራብ ይያዛል፤ እሱን ፍለጋ የመጣውም እንደዚያው። ማንም የማይበላው፣ ማንም የማይሸጠው፣ ማንም የማይቆጥረው ሞት ነው።

በባልቲክ ባሕር የስዊድን ተመራማሪዎች የኮድ ዓሣ መረብ ሆን ብለው ባሕር ውስጥ ትተው ተከታትለውት ነበር። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ የመያዝ አቅሙ በ80 በመቶ ገደማ ወረደ። መረቡ ይወድቃል፣ ይቆሽሻል፣ ዓሣው ያየዋል። ከ27 ወራት በኋላ ግን አሁንም ከመጀመሪያው አቅሙ ከ5 እስከ 6 በመቶ ይይዝ ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ የሚደነቀው በኋለኛው ቁጥር ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ መግደሉ ያስገርማል። እኔን የያዘኝ የፊተኛው ነው። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነ፣ ትልቁን ጥፋት ማስቀረት የሚቻለውም ያኔ ነው። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለዚህ የተባለ ይመስላል። ያኔ ደግሞ መረቡ የት እንደጠፋ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ ባለቤቱ።

ተንሳፋፊው መረብ ጠባዩ ይለያል። ባሕሩ ወለል ላይ አይወድቅም፤ ከሞገዱ ጋር አገር ያቋርጣል። አልጌ ያበቅላል፣ ትናንሽ ክራቦች ይሰፍሩበታል፣ ዓሦች ይጠለሉበታል። ሰፊ ባሕር ላይ ጥላና ምግብ ለምትፈልግ ኤሊ ጥሩ ቦታ ነው የሚመስለው። እኛ ያገኘናት ኦሊቭ ሪድሊ የምትባለው ዓይነት ናት። ኤሊ የምትተነፍሰው አየር ነው። መውጣት ካልቻለች ትሰምጣለች። ለመውጣት ከቻለች ደግሞ ክሩ በእያንዳንዱ ቀዘፋ እየጠበቀ እግሯን ይቆርጠዋል።

የማልዲቭስን ነገር ሳነብ በጣም አዘንኩ። ማልዲቭሶች ቱናቸውን የሚያጠምዱት በዘንግና በመንጠቆ፣ አንድ በአንድ ነው። በዚህ የታወቁ ናቸው። ያም ሆኖ በመረብ የተጠላለፉ ኤሊዎች ደሴቶቻቸው ላይ ይደርሳሉ። አብዛኞቹ ኦሊቭ ሪድሊዎች ናቸው፤ እነሱም እዚያ እንቁላል የሚጥሉት ከስንት አንዴ ነው። መረቡም ከሌላ፣ ኤሊዋም ከሌላ፤ ሞገዱ አገናኝቶ ያመጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው የኦሊቭ ሪድሊ ፕሮጀክት እዚያ እነዚህን ኤሊዎች ያክማል። የፊት እግራቸው ተቆርጦ ድነው ወደ ባሕር የተመለሱ አሉ። ይህን ሳነብ ስለ እኛዋ ትንሽ ተስፋ አደረብኝ።

ዓሣ አጥማጆቹን የጠየቀ ጥናት

እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ አድቫንስስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ተመራማሪዎቹ ባሕር ዳር ቆመው ቆሻሻ አልቆጠሩም። 7 አገሮች ሄደው 450 ዓሣ አጥማጆችን «በዓመት ምን ያህል ይጠፋባችኋል?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በመነሣት በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ የሚሆን የዓሣ ማጥመጃ ባሕር ውስጥ እንደሚቀር ገመቱ። 2 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ሲዘረዘር ግን ወደ 740,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የመንጠቆ ገመድ ነው፤ ምድርን ከ18 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከ25 ሚሊዮን በላይ የክራብና የመሰል እንስሳት ወጥመድ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመው መረብ ብቻውን ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

በሰሜን ፓስፊክ ስላለው ትልቁ የፕላስቲክ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ደግሞ ከክብደቱ ቢያንስ 46 በመቶው የዓሣ መረብ መሆኑን አሳይቷል። ስለ ባሕር ፕላስቲክ ሲወራ ጠርሙስና ፌስታል ብቻ ነው የሚታየን።

ግን እኔን የነካኝ የጠየቁበት መንገድ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ተጠየቁ፣ መለሱ። ለምን ይጠፋል ሲባል የሚደጋገመው መልስ መጥፎ አየር፣ የባሕር ወለል ላይ መያዝና ከሌላ ሰው መረብ ወይም መርከብ ጋር መጋጨት ነው። የቦሰኑ አባት ቢጠየቁ የሚሉት ይህንኑ ነበር።

ጥፋተኛ የለም እያልኩ አይደለም። በሕገወጥ መንገድ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ጥበቃ ሲመጣ መረባቸውን ቆርጠው ይሸሻሉ። ያረጀ መረብ የሚቀበል ወደብ ሲጠፋ ወይም ለመቀበል ሲያስከፍል፣ ሌሊት ላይ ባሕር የሚጥል ሰው አለ። ወደብ ያልኩት በወሬ አይደለም። ያን መረብ በክሬን አውጥተን መርከባችን ላይ ጫንነው። የደረስንበት ወደብ ቆሻሻ ተቀባይ «ዝርዝራችን ላይ መረብ የለም» ብሎ መለሰን። ያራገፍነው በቀጣዩ ወደብ ነው። ለትልቅ መርከብ ይህ የአንድ ወረቀት ጣጣ ነው። አንዲት ጀልባ ላለችው ሰው ግን አስቡት።

ሆን ተብሎ የሚለቀቅም አለ። የቱና ዓሣ ኩባንያዎች ዓሣ የሚሰበስብ ተንሳፋፊ ታንኳ መሰል ነገር ባሕር ላይ ይለቃሉ። ከሥሩ ለረጅም ጊዜ አሮጌ መረብ ያንጠለጥሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በሕንድ ውቅያኖስ ብቻ በዓመት ከ480,000 እስከ 960,000 ሲልኪ ሻርኮች በዚህ መረብ ተጠልፈው እንደሚሞቱ ገመተ። ይህን ያህል ሞት ለምን አልታየም? የተያዘው ሻርክ ሞቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመረቡ ወልቆ ስለሚሰምጥ ነው። መርከቡ ሲደርስ መረቡ ባዶ ነው። የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ እነዚህ ነገሮች ላይ መረብ እንዳይንጠለጠል ደንግጓል። ለዚህ ሕግ መነሻ የሆኑት ጠልቀው ያዩና የቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ነው ማየትና መመዝገብ ላይ ችክ የምለው።

ለማን ይናገር?

ያን ዕለት ማታ ቦሰኑን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። አባትዎ መረብ ሲጠፋባቸው ምን ያደርጉ ነበር?

«ፈልጎ ፈልጎ ይመለሳል። እኛ ፊት ምንም አይልም።»

ለመንግሥት አይናገሩም ነበር?

ሳቁብኝ ለማለት ይከብዳል፤ ግን ገረማቸው። «ለማን ይናገር? ቢናገር ለምን ጣልክ ብለው ይቀጡታል እንጂ ማን ፈልጎ ያወጣለታል?»

ሕጉ እንዲህ አይልም። መርከቦች ፕላስቲክና መረብ ባሕር ውስጥ እንዳይጥሉ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ማርፖል አባሪ አምስት፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ማብቂያ ጀምሮ ይሠራል። ተገቢው ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎ በአደጋ የጠፋ መረብ እንደ ጥሰት አይቆጠርም። ለባሕሩ ወይም ለመርከብ ጉዞ ትልቅ ስጋት ከሆነም ይነገር ይላል። ወረቀቱ ደህና ነው። ነገር ግን ትንሿ ጀልባ ላይ ያለው ሰው የሚያውቀው ቅጣቱን ብቻ ከሆነ ዝም ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እዚህ ላይ ግን ደባቂው ብቻውን አይወቀስም፤ ሐኪሙ ዱላ ይዞ ከቆመ ማን ሕመሙን ይናገራል?

ኖርዌይ ሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ መረብ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ራሱ መፈለግ አለበት፤ ካላገኘው ቦታውን ለዓሣ ሀብት ዳይሬክቶሬቱ ያሳውቃል። ዳይሬክቶሬቱ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየዓመቱ መርከብ እየላከ፣ በተነገረው ቦታ ላይ ወለሉን በመንጠቆ እየጎተተ ያወጣል። እስካሁን የወጣው መረብ ከ20,000 ይበልጣል። ተአምር የለበትም። ሰው ይናገራል፣ የሚሰማው አለ፣ የሰማው ሄዶ ያወጣል። የባለቤቱ መናገር ግዴታ ነው፤ የመንግሥት ማውጣትም እንዲሁ በየዓመቱ የሚጠበቅ ሥራ ነው። ሁለተኛው ከሌለ የመጀመሪያው አይሠራም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት አባል አገሮች የዓሣ ማጥመጃ ላይ ምልክት ስለማድረግ የፈቃደኝነት መመሪያ ተቀብለዋል። እያንዳንዱ መረብ የማን እንደሆነ ይታወቅ ነው ነገሩ። እደግፈዋለሁ። ግን ምልክቱ በቅድሚያ የተገኘው መረብ ለባለቤቱ የሚመለስበት መሆን አለበት። የቅጣት ማስረጃ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚቆረጠው ምልክቱ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ዓሣ አጥማጆች ነው። ስለ እኛስ? መረብ ቆርጣ ያለፈች የዕቃ መርከብን የሚጠይቅ ሰው አላየሁም። ለራሳችን ስንል እንኳ ማሰብ ነበረብን። እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ ኮሪያ የሰመጠችው ሶሄ የመንገደኞች መርከብ 292 ሰዎች አልቀውባታል። ከአቅሟ በላይ ጭና ነበር፣ አየሩም ከባድ ነበር። በፕሮፔለር ዘንጎቿ ላይ ግን ናይለን ገመድ ተጠምጥሞ ተገኝቷል። ውኃ ላይ የቀረ ገመድ ለኤሊ ብቻ አይደለም የሚተርፈው።

ሌሊት ላይ ያልታየ መረብ ሁሉ ይታይ ማለት አልችልም። ዘንጉ ላይ የተገኘ ክር ግን ታይቷል። እጃችን ላይ ነው። ሆኖም የጥገናው ሪፖርት ስለ ሲሉ ሁኔታ ይጠይቃል እንጂ ስለ ክሩ አንድም መስመር የለውም። ክሩ ተቆርጦ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ይጣላል። ምን ዓይነት መረብ እንደሆነ፣ መርከቧ ከመጨረሻው ፍተሻ ወዲህ በየትኞቹ የዓሣ ማጥመጃ ቦታዎች እንዳለፈች ቢጻፍ፣ ከብዙ መርከቦች ተሰብስቦ መረብ የሚበዛባቸውን የጉዞ መስመሮች ማወቅ ይቻል ነበር። መስመሩን ጥቂት ማይል ማራቅ ለመርከብ ብዙ አይደለም።

አሁን እኔ በምጽፈው ሪፖርት መጨረሻ ላይ አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ። የክሩን ቀለም፣ ውፍረቱን፣ የመረቡን ዓይን ስፋት ካለው፣ ያለፍንበትን መስመር፣ ከፎቶ ጋር። ከቢሮ የሚቆጣጠሩን ኢንጂነር ይሄ ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። በሚቀጥለው የድራይ ዶክ ፎርም ላይ ቦታ እንዲከፈትለት ለማቅረብ ተስማምተዋል። በሌሎች መርከቦች ላይ የምትሠሩ የሞተር ክፍል ሰዎች ካላችሁ፣ አንቀጹን እንዳለ ወስዳችሁ ተጠቀሙበት።